ሳይሠራበት የተመለሰ ብር

ፈረንሳይ ለጋሲዮን ውስጥ ታደለችን የሚጠላ ሰው አልነበረም። ባሏ ፍሥሐ ሲሞት ሰፈሩ ድንኳን ተክሎ አብሯት ሰንብቷል፤ መንገድ ላይ ያገኛት ሁሉ «እንዴት ነሽ ታዱ? እማማስ ደህና ናቸው?» ሳይላት አያልፍም። ግን ከዚያ ሁሉ ሰው ውስጥ አንድ ኪሎ ጨው በዱቤ የሚሰጣት አልነበረም። ይቅር ብለዋታል፤ አላመኗትም። ይቅርታና እምነት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ታደለች የተማረችው ሠላሳ አምስት ዓመት ሞልቷት፣ መበለት ሆና ነው።

ነገሩ የመጣው እንዲህ ነው። ፍሥሐ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ ሳቂታ፣ ተጫዋች፣ ከሄደበት ሁሉ ለእናቱ ብርቱካን ይዞ የሚመለስ ሰው። በስድሳዎቹ መጨረሻ ላይ ጉበቱን ታመመ። በዚያን ጊዜ ታደለች በአቶ ወልደ ሐዋርያት ግቢ እሑድ እሑድ በሚጣል እቁብ ውስጥ ነበረች። አባላቱ የባሏን መታመም ሰምተው እጣ ሳይጣል ቅድሚያ ሰጧት። ዋስ ያስፈልግ ስለነበር የፍሥሐ ወዳጅ ኤጀታ እጁን አነሳ። ኤጀታ የመጋዘን ዘበኛ ነው፤ ከወለጋ የመጣ፣ ጸሎት ቤታቸው ከተዘጋ ወዲህ እሑድ ጠዋት ከቤተሰቡ ጋር ቤቱን ዘግቶ በዝግታ የሚዘምር፣ ንግግር የማያበዛ ሰው።

የእቁቡ ብር ለሐኪም፣ ለመድኃኒት፣ ወደ እንጦጦ ጸበል ለመመላለሻ ሆነና አለቀ። ብሩ ካለቀ በኋላ ፍሥሐም ብዙ አልቆየም። ታደለች ከለቅሶው ስትነሳ የሳምንቱን እቁብ የምትጥልበት አልነበራትም፤ የሀሚድ ሱቅ ዱቤም ተከምሮ ጠበቃት። ሄዳ ችግሯን መናገር ትችል ነበር። እሷ ግን መንገድ ቀየረች። በሱቁ ፊት ለፊት የሚያልፈውን ዳገት ትታ፣ በቀበና ወንዝ ዳር ዞራ፣ በጭቃው በኩል ቤቷ መግባት ጀመረች። የሰው ፊት እሳት ሆነባት።

ዋስ ማለት ከፋይ ማለት ነውና እቁቡ ወደ ኤጀታ ዞረ። ኤጀታ ከደመወዙ እየቆነጠረ ከፈለ፤ አልበቃ ሲለውም ግቢው ውስጥ የሚያሳድጋትን ጊደር ሸጠ። ለታደለች አንድ ቃል አልተነፈሰም። ቢቆጣት ኖሮ ይቀላት ነበር። ሚስቱ አሳየች ግን ከዚያ ወዲህ ሰላምታዋን አሳጠረች፤ አንገቷን ነቅነቅ አድርጋ ብቻ ታልፋለች።

ታደለች የሀሚድን ዱቤ ዘግይታም ቢሆን ጨረሰች። የኤጀታ ግን ተራራ ሆኖ ቀረ። ኑሮዋ ሹራብ ነበር። ሰልባጅ ከሚሸጡት ዘንድ ያረጀ የሱፍ ሹራብ ትገዛለች፣ ይተረተራል፣ ክሩ ታጥቦ ይጠቀለላል፣ ከዚያ ለልጅ የሚሆን አዲስ ሹራብ ትሠራበታለች። የሚተረትሩት አማቷ እማማ ወርቅአየሁ ነበሩ። እማማ ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል፤ ጣታቸው ግን የሹራቡን መጨረሻ ስፌት ፈልጎ ያገኛል፣ ከዚያ ክሩ እንደ ወንዝ ይፈስላቸዋል። ፍሥሐ ከሞተ በኋላ ዘመድ መጥቶ «እኛ ዘንድ ይሂዱ» ብሏቸው ነበር። «ልጄ የሞተው እዚህ ቤት ነው፤ ልጄም ያለችው እዚህ ቤት ነው» ብለው ቀሩ። ሁለተኛዋ ልጅ ታደለች መሆኗ ነው።

ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ ለእነሱ ገበያ ነበር። በስድሳ ሰባት መባቻ የገባው መንግሥት አሥር ዓመት ሊሞላው በተቃረበበት ክረምት ጠያቂው በዛ። ሰልባጅ ሻጮቹ ግን በፍሬ መሸጥ ትተው «እስሩን ሙሉ ካልወሰድሽ» ይሏት ጀመር። እስር የሚያስገዛ ገንዘብ ደግሞ አልነበራትም። የሚያበድር ሰው ያስፈልጋት ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሀሚድ ሱቅ ሄደች። ሀሚድ ከቡታጅራ በኩል የመጣ፣ ጢሙ የሸበተ፣ ሚዛኑን ሁልጊዜ በመዳፉ የሚጠርግ ነጋዴ ነው። ሱቁ ከቀበሌው ሱቅ ቢያንስም ሰልፍ የለበትም፤ ሰው ይወደዋል።

«ጋሽ ሀሚድ» አለችው፣ «እስከ ሳምንት ሃያ ብር ያበድሩኝ።»

«ለምን ጉዳይ?»

«ለአንድ ጉዳይ ነው።»

ሀሚድ ሚዛኑን ጠረገ። «ታደለች፣ አንቺን እምቢ ማለት ይከብደኛል። እምቢ ማለት የሚከብደኝን ሰው ደግሞ አላበድርም። በኋላ ስጠይቀውም ይከብደኛላ።»

«መያዣ ይዣለሁ» አለችና የተጠቀለለውን ፈታች። የፍሥሐ ካፖርት ነበር፤ ወፍራም፣ ቡናማ፣ አንገቱ ላይ ትንሽ የሳሳ። ሀሚድ ካፖርቱን አወቀው። ወደ መደርደሪያው ዞረ፤ ከዚያ ብሩን አውጥቶ በቢጫ ላስቲክ አስሮ ሰጣት።

ታደለች ብሩን ቤቷ ወስዳ እማማ ፍራሽ ሥር አደረገችው። እማማ ሰሙ።

«ምን ከተትሽ እዚያ?»

«ብር ነው። ከጋሽ ሀሚድ ተበድሬ።»

«ምን ልትገዢ?»

«ምንም። ልመልሰው ነው።»

እማማ መተርተራቸውን አቆሙ። «አሁን እዳ አማረሽ፣ ልጄ?»

«ሰው የሚያምነው ያየውን ነው፣ እማማ። እነሱ ያዩት አለመክፈሌን ነው። ስከፍል እንዲያዩኝ ደግሞ መጀመሪያ መበደር አለብኝ። ብነግድበት ይጠፋብኝና ዳግመኛ ውርደት ነው። ስለዚህ እዚሁ ይተኛና በቀኑ ይሂድ።»

እማማ ጥርስ በሌለው አፋቸው ሳቁ፤ ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው ጉልበቷን ፈልገው ዳበሷት። «ይተኛ እንግዲህ። እኔ እጠብቀዋለሁ።»

በሳምንቱ ወስዳ መለሰች፣ ካፖርቱን ተቀበለች። ወዲያው ደግሞ ሠላሳ ተበደረች፣ ካፖርቱ ተመልሶ ሀሚድ ዘንድ ተሰቀለ። ያንንም በቀኑ መለሰች። ለሦስተኛ ጊዜ ስትመጣ ሀሚድ «ካፖርቱን ተይው፣ ለብርዱ ይሁንሽ» ብሎ አርባ ብር ሰጣት። ታደለች ያን ቀን ዳገቱን ስትወጣ እግሯ ቀለላት። ዘዴዋ የሠራ መሰላት።

አርባውን ስትመልስ ሀሚድ ብሩን አልቆጠረም። እጁ ላይ አገላበጠው።

«ግቢና ተቀመጪ» አላት።

ከባንኮኒው ጀርባ ገብታ ጆንያ ላይ ተቀመጠች።

«ይሄ ላስቲክ የኔ ነው። ቋጠሮውም የኔ ነው። ሳትፈቺው ነው የመለስሽው። ያለፈውም እንደዚሁ ነበር፤ ያኔ ዝም አልኩ።»

ታደለች ፊቷ ጋለ። «ስከፍል እንዲያዩኝ ብዬ ነው።»

«አየሁሽ። ግን የተቆለፈ ብርማ ሳጥንም ይመልስልኛል፣ ታደለች። እኔ ማየት የምፈልገው ብሩ ተበትኖ፣ ክር ሆኖ፣ ሹራብ ሆኖ፣ ገበያ ወጥቶ፣ ዝናብ መትቶት ተመልሶ ይመጣል ወይ የሚለውን ነው።»

«ባይመለስስ?»

«ያን ጊዜ የምታደርጊውን ነው የማየው።» ሀሚድ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ፍሥሐ የሞተ ጊዜ የከፋኝ የዱቤው ብር አይደለም። ሰው ይታመማል፣ ሰው ይሞታል፤ የአላህ ሥራ ነው። የከፋኝ መንገድ መቀየርሽ ነው። ሚስቴ ዘሀራ በጓሮ በኩል በወንዙ ዳር ስትዞሪ ታይሽ ነበር። ‹ምን አድርገናት ነው የምትሸሸን?› ትለኛለች። ምን ብዬ ልመልስላት?»

ታደለች እንባዋ መጣ፤ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው። ሀሚድ እንዳላየ ሆኖ ሚዛኑን መጥረግ ጀመረ። ቀጥሎ የተናገረው የንግድ ነገር ነበር፦ መርካቶ ክር የሚያከፋፍል ዘመድ እንዳለው፣ ለትምህርት ቤት ሹራብ የሚሆን ጥቁር ሰማያዊ ክር በዱቤ ሊያስመጣላት እንደሚችል፣ ክፍያውም እስከ መስከረም አጋማሽ እንደሚቆይ።

«ትሠሪበታለሽ?» አላት።

«እሠራበታለሁ።»

«ፈርተሻል።»

«ፈርቻለሁ።»

«ጥሩ ነው» አለ ሀሚድ።

ክሩ መጣ። ያን ክረምት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ሁለቱ ሴቶች ጎን ለጎን ተቀምጠው ሠሩ። እማማ ክሩን ይጠቀልላሉ፣ ያለቀውን ሹራብ በእጃቸው እየዳሰሱ የላላ ቦታ ሲያገኙ «እዚህ ጋ ልብሽ ሌላ ቦታ ነበር» ይሏታል። እውነትም እዚያ ጋ ስለ እዳው ስታስብ ነበር። ፈትታ ትደግመዋለች። ከቀበና በላይ ያለች አንዲት ትምህርት ቤት ሹራቡን ልትወስድ ተስማማች፤ ነሐሴ ሲገባደድ ታደለች በጆንያ ተሸክማ አስረከበች።

ገንዘቡ ግን አልመጣም። ከተማው ያኔ ለአሥረኛው የአብዮት በዓል ሽር ጉድ ይል ነበር፤ መንገዱ በባንዲራ ተሸፍኗል፣ ልጆች ሰልፍ ይለማመዳሉ። ለክፍያው የሚፈርመው ሰው ለዝግጅቱ ተጠርቶ ሄዷል። «ከበዓሉ በኋላ ነይ» አሏት። ከበዓሉ በኋላ ስትሄድ «እስከ ጥቅምት አይመጣም» አሏት።

በማግስቱ ጠዋት ከቤቷ ስትወጣ እግሯ ሳታስበው በወንዙ ዳር ያለውን መንገድ ያዘ። ልብስ የሚያጥቡት ሴቶች ዘንድ ደርሳ ነው የነቃችው። አንዷ «ታዱ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ በዚህ!» አለቻት። ታደለች ቆመች። ውኃው የክረምቱን ቡናማ ቀለም ገና አልለቀቀም። ያን ጊዜ፣ ፍሥሐ በሞተ ሰሞን፣ በዚህ ድንጋይ ላይ እየረገጠች ስትሸሽ ልቧ እንዴት ይመታ እንደነበር ትዝ አላት። ዞራ ዳገቱን ወጣች።

ሀሚድ ሱቁን ገና መክፈቱ ነበር።

«ቀኑ ዛሬ ነው እንዴ?» አለ።

«አይደለም። ከነገ ወዲያ ነው።»

«ታዲያ ዛሬ ምን አመጣሽ?»

«እንደማላደርስ ዛሬ ስላወቅኩ።» ነገሩን ሁሉ ነገረችው፤ ስለ ፈራሚው፣ ስለ ጥቅምት፣ ስለ ወንዙ መንገድም ጭምር። «ለጎረቤት በፍሬ የሸጥኩት ይሄ ነው» ብላ በመሐረብ የቋጠረችውን ባንኮኒው ላይ አደረገች።

ሀሚድ መሐረቡን ፈቶ ለሁለት ከፈለው። ግማሹን ወደ ራሱ ሳበ፣ ግማሹን መልሶ ገፋላት። «ባዶ እጅሽን ቤት አትግቢ። እማማ አሉ።» ከዚያ ወደ ጓዳ ጮክ ብሎ «ዘሀራ፣ ታደለች መጥታለች» አለ። ዘሀራ ወጣች፤ ታደለችን አቅፋ ጉንጯን ሳመቻት፣ «ሻይ ሳትጠጪ አትሄጂም» አለቻት።

ትምህርት ቤቷ በጥቅምት ከፈለች፤ ታደለችም በዚያው ቀን ቀሪውን ለሀሚድ አደረሰች። ለሚቀጥለው ክር መጠየቅ አላስፈለጋትም። ሀሚድ ራሱ «ለገና የሚሆን ክር ላምጣልሽ?» አላት።

እምነት እንደ ሐሜት ነው፤ በአፍ ይሄዳል። ሀሚድ ለማን ምን እንዳለ ታደለች አላወቀችም፤ ብቻ ሰልባጅ ሻጮቹ እስሩን ግማሽ ተቀብለው ግማሹን ይጠብቋት ጀመር። አቶ ወልደ ሐዋርያት አንድ እሑድ መንገድ ላይ አስቁመው «ታደለች፣ እቁቡ አዲስ ዙር ይጀምራል። ግቢ እንዳልልሽ ሰው አለ የተጎዳ። አትግቢ እንዳልልሽ የሰማሁት አለ» አሏት።

«እገባለሁ፣ አቶ ወልደ ሐዋርያት። እጣ ውስጥ ግን አያስገቡኝ። የመጨረሻውን ልውሰድ፤ ዋስ አያስፈልገኝም።»

አቶ ወልደ ሐዋርያት ባርኔጣቸውን ከፍ አድርገው አዩዋት። «የመጨረሻውን ለምኖ የወሰደ ሰው አይቼ አላውቅም» አሉና እየተገረሙ ሄዱ።

በዚያው ሳምንት ታደለች ከገና ገበያ የተረፋትን ይዛ ኤጀታ ቤት ሄደች። ፍሥሐ ከሞተ በኋላ ያንን በር አንኳኩታ አታውቅም። ኤጀታ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ይጠርግ ነበር። ሲያያት ፊቱ ተለወጠ፤ እቁብ እንደምትገባ ሰምቷል። ገና አፏን ሳትከፍት ተነስቶ ቆመ።

«ታዱ፣ አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገርሽ። ዋስ አልሆንም። ፍሥሐ ወንድሜ ነበር፣ አንቺም እህቴ ነሽ። ግን ልጆች አሉኝ። ያን ጊዜ…» ጫማውን በእጁ አገላበጠ። «ያን ጊዜ ከብዶን ነበር።»

ስለዚያ እዳ ከስንት ዓመት ዝምታ በኋላ ከአፉ የወጣ የመጀመሪያ ቃል ነበር። ታደለች ስትጠብቀው የኖረችው ይሄን ይመስል እፎይ አለች።

«ልክ ነዎት፣ ጋሽ ኤጀታ። እምቢ ማለትዎ ልክ ነው። ዋስ ልጠይቅዎ አይደለም የመጣሁት።» ብሩን አውጥታ በሁለት እጇ ዘረጋችለት። «ሁሉም አይደለም። በየወሩ እያመጣሁ እጨርሰዋለሁ።»

ኤጀታ አልተቀበላትም። የተወለወለውን ጫማ በእጁ እንደያዘ ቀረ። «ከሌላ ሰው ተበድረሽ እንዳይሆን።»

«ከሹራብ ነው።»

«እኔ እኮ ትቼዋለሁ፣ ታዱ። ለፍሥሐ ብዬ ትቼዋለሁ።»

«እርስዎ ትተውታል። እኔ አልተውኩትም።»

አሳየች ከውስጥ ስትሰማ ኖሮ በሩ ላይ ብቅ አለች። ለጥቂት ጊዜ ብሩንም፣ ታደለችንም፣ ባሏንም አየች። «ተቀበላት» አለችው ኤጀታን። «ሴትየዋን በደጅ አቁመህ ምን ታደርጋታለህ? ተቀበላትና ትግባ።»

ገቡ። አሳየች የተቆላ ባቄላ አቀረበች። ስለ ልጆቹ ትምህርት፣ ስለ እማማ ጤና አወሩ። ከዚያ አሳየች ባቄላውን እየፈለፈለች፣ ቀና ሳትል፣ «ጊደሯ ቦራ ነበረች፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ያላት» አለች። «በስሟ ስጠራት ትመጣ ነበር። የሸጥናት ቀን ገዢው ገመድ አስገብቶ ሲጎትታት ወደኔ ዞራ አየችኝ።»

«አላወቅኩም ነበር» አለች ታደለች።

«አውቄ ነው ያልነገርኩሽ። ብነግርሽ አንቺ ታለቅሻለሽ፣ እኔ ደግሞ ሐዘንተኛ አስለቀስኩ ብዬ ቂሜ ይጠፋብኛል። ቂሜ እንዲጠፋብኝ አልፈለግሁም።»

ታደለች አለቀሰች። አሳየችም አለቀሰች፤ ወዲያው ደግሞ በመዳፏ ፊቷን ጠርጋ፣ «ትንሿ ልጄ ሹራብ የላትም» አለች።

«እኔ እሠራላታለሁ። በስጦታ።»

«በስጦታ አልፈልግም።» አሳየች ተነስታ ከትራስ ሥር አምስት ብር አወጣች። «ይሄ ቀብድ ነው። ቀሪውን ስታደርሺ እሰጥሻለሁ። ቀይ ይሁን፤ እጅጌው ረዘም ይበል፣ ልጅቷ ታድጋለች።»

ታደለች አምስቱን ብር ተቀበለች። ከዚያ ቤት ጊደር ያስወጣች እሷ ነበረች፤ አሁን የዚያ ቤት ሴት ሥራዋ ሳይታይ ገንዘቧን አስቀድማ ሰጠቻት። ዳገቱን ስትወርድ ብሩን ቦርሳዋ ውስጥ አልከተተችውም። እጇ ውስጥ ጨብጣው ሄደች። ቤቷ ስትደርስ እማማ ድምፅዋን ሰምተው «ምን ሆንሽ? አለቀስሽ?» አሏት።

«አሳየች ቀብድ ሰጠችኝ» አለች ታደለች።

እማማ ሌላ ማብራሪያ አልጠየቁም። «ቀይ ክር አለን?» አሉ።

ቀይዋ ሹራብ በቀኗ ደረሰች። የኤጀታ እዳ ግን በአንድ ዓመት አላለቀም። ድርቁ የመጣበት ዓመት ነበር፤ እህል ተወዶ፣ ሹራብ የሚገዛ ቀንሶ፣ ታደለች ትንሽ ብቻ ይዛ የሄደችበት ወርም፣ ባዶ እጇን ሄዳ «በዚህ ወር የለኝም» ያለችበት ወርም ነበር። ባዶ እጇን በሄደችበት ወር አሳየች ከሌላው ጊዜ ረዘም አድርጋ አስቀመጠቻት። እቁቡን አንድም እሑድ አላጎደለችም። የመጨረሻው ተራ ደርሶ ብሩን ስትቀበል ለኤጀታ የቀረውን አጠቃልላ ከፈለች፤ በተረፋት ደግሞ፣ ሀሚድ ጨምሮላት፣ ከአንዲት ወደ ውጭ ከምትሄድ አርመን ወይዘሮ ያገለገለ የሹራብ መኪና ገዛች።

መኪናዋ የመጣች ቀን እማማ ከመደባቸው ተነስተው በእጃቸው መረመሯት፤ ብረቷን፣ ረድፍ ረድፍ የቆሙትን መርፌዎች፣ የሚንሸራተተውን እጀታ። ታደለች አንዴ ወዲያና ወዲህ ስትጎትተው ድምፁ ቤቱን ሞላው፤ እማማ ደንገጥ ብለው እጃቸውን ሰበሰቡ።

«ፈጣን ናት» አሉ።

«ፈጣን ናት፣ እማማ። ያለ ክር ግን አትሄድም። ክር ደግሞ እርስዎ ዘንድ ነው።»

እማማ ፈገግ አሉ። ወደ መደባቸው ተመልሰው አንድ የሰልባጅ ሹራብ ጭናቸው ላይ አደረጉና ጫፉን መፈለግ ጀመሩ።

«እዳችን አለቀ?» አሉ እየፈለጉ።

«የጋሽ ኤጀታ አልቋል። የመኪናዋ ግን የጋሽ ሀሚድ ብር አለብን። የክርም አለ።»

«እሱ ይሁን» አሉ እማማ። ጣታቸው ስፌቱን አገኘው፤ ክሩ ተለቀቀ። «የሚያበድረን ሰው አለን ማለት ነው።»